«ካልተገረፈ አይገባውም» እና ሌሎች የውሻ ወሬዎች

ጅማ ውስጥ ውሻ ማሰልጠን ሥራዬ ነው። ውሾቹ አያደክሙኝም። የሚያደክመኝ ባለቤቶቹ ይዘውት የሚመጡት ወሬ ነው፤ ቴሪየር የሚባለውን ትንሽ የፈረንጅ አዳኝ ውሻ የያዙት ደግሞ ይብሳሉ።

«የፈረንጅ ውሻ በእንግሊዝኛ ካላዘዙት አይሰማም።» ውሸት። ችግሩ ሌላ ነው፦ እናት በኦሮምኛ «ታኢ» ትላለች፣ አባት «ቁጭ በል»፣ ልጅ «ሲት»። አንዱን ምረጡና ቤተሰቡ ሁሉ እሱን ይበል።

«ትንሽ ስለሆነ ስልጠና አያስፈልገውም።» ቴሪየር እንግሊዝ አገር አይጥና ቀበሮ እንዲያድን የተዳቀለ ነው። የጎረቤት ዶሮ ግቢያችሁ ከገባ ትንሽነቱ አያድናትም።

«ጨለማ ቤት ታስሮ በርበሬ የበላ ውሻ ጎበዝ ጠባቂ ይሆናል።» ሆዱን ያመዋል፣ ሰው ሁሉ ያስፈራዋል። የፈራ ውሻ ደግሞ ሌባውን ከልጃችሁ ጓደኛ አይለይም።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ፦ «ካልተገረፈ አይገባውም።»

አንድ ቡና ነጋዴ ደንበኛዬ ጃክ ራስል የሚባል ዓይነት ቴሪየራቸውን «ጋሼ፣ በወር ሠርቼ እመልስልዎታለሁ» ላላቸው ሰው ሰጡ። ውሻው ተመለሰ። ሰውየው ዱላ ሲያነሳ ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ ይተኛል። «ይኸው ሰልጥኗል!» ተባለ፣ ገንዘቡም ተከፈለ። ቤት ሲገባ ግን ሲጠሩት አልጋ ሥር ይደበቃል። አንድ ቀን የቤት ሠራተኛዋ መጥረጊያ ስታነሳ እጇን ነከሳት። ሳያጉረመርም። ለምን ያጉረምርም? ባጉረመረመ ቁጥር ሲመታ ከርሟል። ዱላው ያጠፋው ማስጠንቀቂያውን እንጂ ፍርሃቱን አይደለም።

ቴሪየር ላይ ደግሞ ዱላ ጭራሽ አያዋጣም። ይህ ዘር ጉድጓድ ውስጥ ብቻውን ገብቶ፣ ከሚነክስ አውሬ ጋር ተፋጥጦ፣ ራሱ እንዲወስን እየተመረጠ የመጣ ነው። ሲያመው ወደ ኋላ የሚል ቢሆን ኖሮ አዳኞቹ አይፈልጉትም ነበር። እናንተ ስትመቱት እልህ ይይዘዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከልኳንዳ ቅንጥብጣቢ ሥጋ አምጡና የጥፍር ያህል ቁረጡ። አፍንጫው ላይ አስጠግታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይና ወደ ኋላ ውሰዱት። አንገቱ ሲቀና መቀመጫው ራሱ ይወርዳል። መሬት ሲነካ ወዲያው ስጡት። ከዘገያችሁ የምትሸልሙት መነሳቱን ነው። 5 ደቂቃ ይበቃል፣ በቀን ሁለት ሦስቴ። «ና» ብላችሁ ጠርታችሁ ደግሞ በፍጹም አትቅጡት። ሁለተኛ አይመጣም፣ እውነቱንም ነው። ማታ ጅብ በሚጮህበት ከተማ በር ሲከፈት ሾልኮ የወጣ ቴሪየር ስትጠሩት ካልተመለሰ ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ እሱ እንደሆነ ከጅብም አይሸሽም።

«ጎበዝ አሰልጣኝ ውሻውን ወስዶ ሠርቶ ይመልሳል።» ጋራዥ የገባ መኪና መሰላችሁ? እናንተ ካልተማራችሁ ውሻው የሚታዘዘው ለአሰልጣኙ ብቻ ነው። ከመቅጠራችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ሲሳሳት ምን ታደርገዋለህ?» ሰንሰለት፣ ዱላ ወይም ማስራብ ካለ ቡናችሁን ጨርሳችሁ ተነሱ። ሲያሰለጥን ቆማችሁ እዩ። ማየት ከከለከለ በቃ፣ መልሱን አገኛችሁ። ከፈቀደ ደግሞ ዓይናችሁ ጅራቱ ላይ ይሁን፤ እግሩ መሀል ከተሸጎጠ ውሻው እየተማረ አይደለም።

የክትባት ካርድ ሳይጠይቅ ውሻችሁን ከሌሎች ጋር የሚቀላቅልም ይቅርባችሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳኛ የለውም። ቡችላው 3 ወር ሲሞላው አስከትቡት፣ ቀጣዩን ቀጠሮ የእንስሳት ሐኪሙ ይነግራችኋል። ሰው ከነከሰ ደግሞ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ።