ስደት የቀረጻቸው ሠዓሊዎች፦ ከአዲስ አበባ መሃል ሲታዩ

«ስደተኛ ሠዓሊ» ሲባል ብዙ ሰው የሚጠብቀው ጀልባ፣ ሻንጣና ያዘነ ፊት ነው። ከአዲስ አበባ ከወጡት ትልልቅ ሠዓሊዎች አብዛኞቹ ግን ይህን አልሣሉም። ስደቱ የሚታየው ከርዕሱ ይልቅ በሚሣልበት ነገር፣ በሸራው ስፋትና በቀለሙ አደራረብ ላይ ነው። ሥራዎቻቸውን በዚህ ዓይን ማየት ይበጃል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው በአለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት በ1950 ዓ.ም. የተከፈተውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በመሥራቹ ስም የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ዘመን ውጭ አገር መሄድ ማለት ተምሮ መመለስ ነበር፤ አለ ራሳቸው ቺካጎ ተምረው የመጡ ናቸው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የሄደ ሁሉ የሚመለስ መሆኑ ቀረ።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሁለቱንም ዓይነት ጉዞ አይቷል። በ1932 ሐረር ተወለደ፤ አባቱ ብራና የሚጽፉና የሚያስጌጡ አለቃ ነበሩ። ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተመለሰና ረቂቅ ሥዕልን (ነገሮችን እንዳሉ የማያሳይ፣ በቅርጽና በቀለም የሚናገር ሥዕል) በትምህርት ቤቱ አስተማረ። በደርግ ዘመን እንደገና ወጣ፤ ጀርመንን አልፎ አሜሪካ ገባ፣ በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። ጀርመን የቀሩት ሥዕሎቹ ከብዙ ዓመት በኋላ አገር ገብተዋል። በ2008 የተከፈተውና በስሙ የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በአምስት ኪሎና በስድስት ኪሎ መካከል ይገኛል። ስለዚህ ጉዳይ ማወቅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መሄድ ያለበት እዚያ ነው።

እስክንድር ቦጎስያን በ1937 አዲስ አበባ ተወልዶ በ1955 በነፃ ትምህርት ዕድል ለንደን ሄደ፤ ከዚያም ፓሪስ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆየ። በ1966 ተመልሶ ለሦስት ዓመት ካስተማረ በኋላ አሜሪካ ገባ፤ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን መምህር ሆኖ በ2003 አረፈ። በዘይት ቀለም ብቻ አልተወሰነም፤ በቆዳና ከዛፍ ልጥ በሚሠራ የኡጋንዳ ጨርቅ ላይም ሠርቷል። የፍየል ቆዳ ላይ መሣል እንደ ሸራ ቀላል አይደለም። ቆዳው ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ፀጉሩና ሥጋው ተፍቆ ይደርቃል። ከደረቀም በኋላ አየሩን ይከተላል፤ በክረምት እርጥበት ይላላል፣ ማሞቂያ በሚነድበት የአሜሪካ ክፍል ውስጥ ደግሞ ይኮማተርና ጠርዙ ይጠቀለላል። ቀለሙ ወፍራም ከሆነ አብሮ መታጠፍ ስለማይችል ይሰነጠቃል። በቆዳ ላይ ሲሣል ቀለም በስሱ የሚቀባው ለዚህ ነው።

ሃዋርድ የተሰደዱ ተማሪዎች መጠጊያም ነበር። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ በ1972 ከአዲስ አበባ፣ በ1980 ከሃዋርድ ተመርቋል። ፊደላችንን እየሰባበረ፣ እግራቸውን እያረዘመና እያገለበጠ ይሥላል። አማርኛ የሚያነብ ሰው ቃል ሊፈልግ ይሞክራል፤ ቃል የለም፣ የቀረው የፊደሉ አቋም ነው። ከበደች ተክለአብ ደግሞ ከደርግ ስትሸሽ በሶማሊያ ሠራዊት ተይዛ ወደ አሥር ዓመት ገደማ ታስራለች። ከተፈታች በኋላ ሃዋርድ ገብታ ተማረች፤ በ2001 ከእስክንድር ጋር በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ ትልቅ የአልሙኒየም ሥራ ሠርታለች።

ጁሊ ምህረቱ በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ በ1977 ከቤተሰቧ ጋር ወጣች። «ሞጋማ» የተባለው የ2012 ሥራዋ አራት ሸራ ነው፤ እያንዳንዱ ቁመቱ 4.5 ሜትር ያልፋል። የአደባባዮች ንድፍ ተደራርቦበታል፤ የካይሮው ታህሪርና የኛው መስቀል አደባባይ አሉበት። ንድፉ በቀለም ከተሣለ በኋላ ብርሃን በሚያሳልፍ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ሰው ሠራሽ ቀለም) ይሸፈናል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ከላዩ ደግሞ ሌላ ንድፍ ይገባል። ከሩቅ ጭስ ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉ መስኮትና ደረጃው ይለያል። አራቱ ሸራዎች ዛሬ በተለያዩ ሙዚየሞች ተበታትነዋል።

መመለስም አለ። በ1983 የተወለደው ተስፋዬ ኡርጌሳ አዲስ አበባና ሽቱትጋርት ተምሮ ዓመታት ጀርመን ከኖረ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቷል፤ በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ቢየናሌ (በየሁለት ዓመቱ ጣሊያን ውስጥ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት) የራሷ አዳራሽ ሲኖራት የቀረበው የእሱ ሥራ ነው። የሰው አካላት ተጨናንቀው የሚታዩበት አሣሣሉ አውሮፓ በገቡ ስደተኞች ሕይወት ላይ ያተኮረ ነው።

ሸራ ይዞ መውጣት ራሱ ሙያ ይጠይቃል። ዋናው ስህተት ቀለሙን ወደ ውስጥ አድርጎ መጠቅለል ነው፤ ቀለሙ ይጨመቅና ሲዘረጋ ይሸበሸባል። ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ፣ ስፋቱ 15 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ ቱቦ ላይ ላላ ተደርጎ ይጠቀለላል። ጋዜጣ ማልበስ አይገባም፣ የጋዜጣው ቀለም ይለቃል፤ ፕላስቲክም በሙቀት ይጣበቃል። ዘይት ቀለም ቢያንስ ስድስት ወር ይድረቅ፤ አክሪሊክ ደግሞ በብርድ ጠንክሮ ተሰባሪ ይሆናልና ከአውሮፕላን እንደወረደ አይከፈትም፣ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይቆያል። ሸራው እንደገና እንዲወጠር በዙሪያው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ያልተቀባ ጠርዝ ይተዋል። አቡጀዲ በግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ተቀብቶ የተሠራ ከሆነ ግን ባይጠቀለል ይሻላል፤ ቀለሙ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ስለሚበዛበት ይፈረፈራል። አሮጌ የሚመስል ሥዕል ሲሆን ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ቀድሞ ከቅርስ ባለሥልጣን ማውጣት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ኤርፖርት ላይ ይያዛል።

ከአገር ሳይወጡ መፈናቀልም አለ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ተዛውሯል። አሮጌዎቹ ቤቶች ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ ኪራያቸውም የሚቻል ስለነበር ለስቱዲዮ ይመቹ ነበር። በኮንዶሚኒየም ደረጃ መታጠፊያ ግን 2 ሜትር ፍሬም ማዞር ይቸግራል። ትልቅ ሥራ ያሰበ ሠዓሊ አንድ አንድ ሜትር የሆኑ ሸራዎችን ለየብቻ ይሥላል፤ ከጀርባ በብሎን ገጥሞ ሙሉውን ሥዕል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ማሳያው አዳራሽ ውስጥ ነው።