ከድል ማግስት ጠላት የነበረው ወገን እንዴት ይያዝ?

በጌታ የተወደዳችሁ ወገኖች፣ አዲስ መንግሥት ቶሎ የሚፈተነው በድሉ ማግስት ነው። ሳኦል በነገሠ ሰሞን አሞናዊውን ናዖስን ሲመታ፣ ሕዝቡ ቀድሞ ንግሥናውን የተቃወሙትን አምጡልንና እንግደላቸው አለ። ሳኦል ግን እግዚአብሔር ማዳን ባደረገበት ቀን ማንም አይሞትም ብሎ ከለከለ (1ኛ ሳሙ. 11፥12-13)።

ምሕረት በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት 2ኛ ዜና መዋዕል 28ን ረጋ ብላችሁ አንብቡ። የሰሜኑ መንግሥት እስራኤል ከወንድሙ ከደቡቡ መንግሥት ከይሁዳ በአንድ ቀን 120,000 ሰው ገድሎ 200,000 ሴቶችና ልጆች ማርኳል። ነቢዩ ዖዴድ ወጥቶ ሠራዊቱን የተቀበለው ገና ሰማርያ ሳይገባ ነው። ጊዜው ወሳኝ ነበር፤ ምርኮኛ አንዴ በየቤቱ ከተከፋፈለ ማን መልሶ ይሰበስበዋል? ዖዴድ ይሁዳ በድሏል ማለቱን አልተወም፤ «እናንተስ በደል የለባችሁምን?» ሲል ግን አሸናፊውን ወደ ራሱ መለሰው። ከእስራኤል ወገን የሆኑ አራት የኤፍሬም አለቆችም ተዋጊዎቹን ፊት ለፊት ተቋቋሙ። ሠራዊቱም ምርኮኞቹንና ብዝበዛውን ለቀቀ።

ከዚያ በስም የተጠሩ ሰዎች ሥራውን ተረከቡ። ራቁታቸውን የነበሩትን አለበሱ፣ ልብሱም ከዚያው ከብዝበዛው ነው። ጫማ አደረጉላቸው፣ አበሉ፣ አጠጡ፣ ዘይት ቀቡ፣ የደከሙትን በአህያ ጭነው እስከ ኢያሪኮ አድርሰው ለወንድሞቻቸው አስረከቡ። ኃላፊው ያልታወቀ፣ ወጪው ከየት እንደሚወጣ ያልተቆረጠ ዕርቅ እዚያው ስብሰባው ላይ ነው የሚቀረው።

ቃል ኪዳንም አለ። ኢያሱ በከነዓን ይኖሩ ለነበሩት ለገባዖናውያን እንዳይገድላቸው የማለው ተታልሎ ነበር፤ መሐላው ግን ጸና። ከብዙ ዘመን በኋላ ያው ሳኦል ለወገኑ ቀንቶ ገደላቸው። ዕዳው በዳዊት ዘመን ሦስት ዓመት ረሀብ ሆኖ መጣ፤ የከፈሉትም የሳኦል ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው (2ኛ ሳሙ. 21)። ለማንበብ የሚከብድ ምዕራፍ ነው። ስምምነት የፈረመው ትውልድ ሲያልፍ ስምምነቱ አብሮት አያልፍም።

ስለ ጊዜውስ? ዘዳግም 23፥7-8 ኤዶማዊውንና ግብፃዊውን አትጸየፍ ይላል፤ ግብፅ ያን ሁሉ ዘመን በባርነት ብትገዛቸውም። መጸየፍ ወዲያው ይከለከላል፤ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ መግባት ግን ለሦስተኛው ትውልድ ነው። ለአሞንና ለሞዓብ ያው ምዕራፍ ከዚህም የጠነከረ ነው፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ስለዚህ ጥላቻን ዛሬ ማቆምና ሙሉ መተማመንን በጊዜው መጠበቅ አብረው ይሄዳሉ። መሪዎች ሁለቱን ካደባለቁ ወይ ቂሙን ሕግ ያደርጉታል፣ ወይ ቁስሉ ያልዳነውን ሕዝብ በግድ ተቃቀፍ ይሉታል።