የታዳሚ ተሳትፎ በኢትዮጵያ መድረኮች፦ ከ«ተቀበል» እስከ ላይቭ

የታዳሚ ተሳትፎ የሚባለው፣ አንድን ዝግጅት ሊያይ የመጣ ወይም ከሩቅ ሆኖ የሚከታተል ሰው ዝም ብሎ ከማየት አልፎ በዝግጅቱ አካሄድ ላይ እጁን የሚያስገባበት ልማድ ነው። በኢትዮጵያ ይህ ልማድ በቅርብ ዓመታት ከስልክ፣ ከዩትዩብ፣ ከቴሌግራምና ከቲክቶክ ጋር ተያይዞ ስሙ ይነሣል። ነገሩ ግን ከስልኩ በብዙ ይቀድማል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

አዝማሪ ቤት

በአዝማሪ ቤት ተመልካች ብቻ ሆኖ ማምሸት አይቻልም። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ በመደዳ በተቀመጡት መካከል ይዞራል፤ ስም ይጠይቃል፣ ከአለባበስ፣ ከጸጉር፣ ከአጠጣጥ ሁሉ ስንኝ ያወጣል። እንግዳውም በተራው «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ግጥም ይሰጣል። አዝማሪው የተሰጠውን ቃል በቃል በዜማ ይመልሳል፤ ጎበዝ ከሆነ ደግሞ አንድ ስንኝ ጨምሮበት ነገሩን ወደ ሰጪው ይመልሰዋል። በዚህ መንገድ አንዱ ጠረጴዛ ለሌላው ጠረጴዛ ነገር ይልካል። ግጥሙን ያመጣው እንግዳው፣ የዘፈነው አዝማሪው ስለሆነ ቁጣውም ለሁለት ይከፈላል። ሰምና ወርቁ ሲጨመርበት የተሰደበው ሰው ራሱ ቆሞ የሚያጨበጭብበት ጊዜ አለ።

ሽልማቱም የዝግጅቱ አካል ነው። ብር አዝማሪው ግንባር ላይ የሚለጠፈው ሰው ሁሉ እያየ ነው፤ ስለዚህ የአንዱ ስጦታ የሌላውን እልህ ይቀሰቅሳል። የሰጪው ስም ወዲያው በግጥም ይነሣል፤ ያልሰጠውም አይረሳም።

የአዝማሪ አንደበት የሚፈራ እንደነበር ብዙ ማስረጃ አለ። በጣልያን ወረራ ዘመን አርበኞችን ያወደሱ አዝማሪዎች መገደላቸው ይነገራል። በአዲስ አበባ ካዛንቺስ ለብዙ ዓመታት የአዝማሪ ቤቶች መናኸሪያ ነበር፤ ፈንድቃን የመሰለ ከአገር ውጭ ጭምር ስሙ የታወቀ ቤት የበቀለው እዚያ ነው። በ2017 ዓ.ም. የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ቤቶቹም ተበታትነዋል።

ሬዲዮና ቴሌቪዥን

አድማጭ በደብዳቤ፣ በኋላም በስልክ ዘፈን የሚመርጥባቸው ፕሮግራሞች ረጅም ዕድሜ አላቸው፤ የኤፍኤም ጣቢያዎች መምጣት የስልክ ውይይቱን አበዛው።

አጭር መልእክትና አጭር ቁጥር

የሞባይል አጭር መልእክት የታዳሚ ድምፅ መሆን የጀመረው ዘግይቶ ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አገልግሎቱ ተዘግቶ እስከ ሚሊኒየሙ መዳረሻ ድረስ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቷል። ሲከፈት ግን ለውድድር ድምፅ መስጫ፣ ለሎተሪና ለመዋጮ ዋለ። ከእነዚህ ሁሉ ሕዝብ አፍ ላይ የቀረው 8100 ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ለተጣለው የህዳሴ ግድብ «ኤ» የምትለውን ፊደል ወደዚህ ቁጥር የላከ ሰው ከስልኩ ሒሳብ ላይ ጥቂት ብር አዋጥቶ ዕጣ ውስጥ ይገባ ነበር። ቦንድ የመግዛት አቅም የሌለው ተማሪና የቀን ሠራተኛ ድርሻ እንዲኖረው ያደረገ ዘዴ ነው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ «እኔም 8100 ልኬያለሁ» ማለት ቀልድም ኩራትም ነበር። መዋጮው ለሁሉም ሰው በፈቃደኝነት ነበር ወይ የሚለው ያከራክራል፤ በተለይ ከደመወዝ ስለሚቆረጠው ብዙ ተብሏል። ስለ አጭር መልእክቱ ግን እንዲህ ያለ ቅሬታ እምብዛም አይሰማም።

የኮሮና ወራትና ከዚያ ወዲህ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገር ውስጥ መገኘቱ ሲነገር ዝግጅቶች በአንድ ጊዜ ቆሙ። የዚያ ዓመት ስቅለትና ትንሣኤ ብዙ ምእመናን ቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥንና በስልክ ያከበሩት በዓል ነው። ከዚያ በፊት ቀጥታ ስርጭት ብርቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰርግም፣ ምርቃትም፣ ለቅሶም ያለ «ላይቭ» የጎደለ መሰለ። ሪያድና ቤሩት በሰው ቤት የምትሠራ እኅት የወንድሟን ሰርግ በኢሞ ትከታተላለች፤ ስልኩን የያዘው ታናሽ ልጅ ወደ ድንኳኑ፣ ወደ ሙሽሮቹ፣ ወደ እናቲቱ እያዞረ ያሳያታል። እልልታዋ በስልኩ ድምፅ ማጉያ ሲሰማ ዘመድ ሁሉ ወደዚያ ዞሮ ይመርቃታል። ይህን ማንም መድረክ አላቀደውም።

የጥምቀት በዓል በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ የጃንሜዳና የጎንደር ሥነ ሥርዓት በስልክ ከየአቅጣጫው ይሰራጫል። ታቦት ሲያልፍ ስልክ ከፍ አድርጎ መቅረጽ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው በየዓመቱ ይነሣል፤ አባቶች ሲገሥጹ ይደመጣል፤ ከሩቅ አገር ሆኖ በዚያው ምስል የሚያለቅስ ሰው እንዳለም ሁሉም ያውቃል።

ገንዘቡ ደግሞ መንገዱን ያገኘው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ሲጀምር ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ለሚያስገነባው ሕንፃ ማስጨረሻ በዩትዩብ ቀጥታ ስርጭት ያደረገው ጥሪ ለቀናት ቀጥሎ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር አስገኝቷል። አሠራሩ ለአዝማሪ ቤት ሰው እንግዳ አይደለም፤ ስም ይጠራል፣ ይመረቃል፣ ሰፈር ከሰፈር፣ ማኅበር ከማኅበር ይፎካከራል፣ ግንባሩ ብቻ ወደ ስክሪን ተለወጠ።

መዘጋት

ይህ ሁሉ በአንድ መስመር ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጧል። ከየካቲት 2 እስከ ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዩትዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ታግደው ነበር፤ እገዳው የመጣው የኦርቶዶክስ ምእመናን በቤተ ክርስቲያኒቱ ጥሪ ለጾመ ነነዌ ጥቁር በለበሱበት ሳምንት ነው። በእነዚያ አምስት ወራት እገዳውን ማለፊያ የሆነውን ቪፒኤን የሚለውን ቃል የማያውቅ ሰው አልቀረም። በጦርነቱ ጊዜ የነበረው የትግራይ መቋረጥ ከዚህ እጅግ የረዘመ ነበር።

ቲክቶክ ላይቭ

አሁን ብዙ ሰው የሚያመሸው እዚህ ነው። አቅራቢው ስልኩን አቁሞ ይቀመጣል፤ የገባውን ሰው በስሙ እየጠራ ይቀበላል፤ ታዳሚው በኮሜንት ይጠይቃል፣ ያሾፋል፣ ያዛል። ስጦታው በብር በሚገዛ የመተግበሪያው ገንዘብ፣ በኮይን፣ ይሰላል፤ ጽጌረዳ 1 ኮይን ናት፣ አንበሳ 29,999 ነው። «ባትል» በሚባለው ጨዋታ ሁለት አቅራቢዎች ስክሪን ተካፍለው ለ5 ደቂቃ ይፋለማሉ፤ ብዙ ስጦታ ያገኘ ያሸንፋል፣ የተሸነፈው የተፈረደበትን ቅጣት ይፈጽማል። ስድቡና ቅጣቱ ከልክ እንደሚያልፍ የሚማረሩ ብዙዎች ናቸው፤ ቅሬታቸው መሠረት አለው። አዝማሪም ይሳደባል፤ ግን የሚሰድበው ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጧል፣ ግጥሙም ቤት መምታት አለበት። ሌላው ልዩነት ገንዘቡ ነው፤ ግንባር ላይ የተለጠፈ ብር እንዳለ ይወርዳል፣ ከኮይኑ ግን ኩባንያው ድርሻውን ሳይወስድ አይለቅም። አዝማሪ ቢገጥምበት እንዲህ ይል ይሆናል፦

ጣትህ ስክሪን ነካ፣ ልብህ መች ራራልኝ፤
በላይክ አልጠግብም፣ ጉርሻውን ላክልኝ።

ማሲንቆ ይዘው ላይቭ የሚገቡ አሉ። ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ፣ ከዱባይ «ተቀበል» ብለው ኮሜንት ላይ የሚጽፉላቸውም አይጠፉም። ችግሩ ስርጭቱ በጥቂት ሴኮንዶች ወደ ኋላ መቅረቱ ነው፤ ስንኙ ተጽፎ፣ ደርሶ፣ ተነብቦ እስኪያልቅ ዜማው አልፎታል። ስለዚህ አዝማሪው ማሲንቆውን ያቆማል፣ ወደ ስልኩ ጎንበስ ይላል፣ ካነበበ በኋላ እንደገና ይጀምራል።