ኦንላይን ባክአፕ ምንድን ነው? የድርጅት መረጃ ቅጂ ከግቢ ውጭ ስለሚቀመጥበት አሠራር

ኦንላይን ባክአፕ የአንድ ድርጅት መረጃ በተወሰነለት ሰዓት በኢንተርኔት እየተላከ፣ ከድርጅቱ ግቢ ርቆ በሚገኝ የመረጃ ማዕከል ቅጂው የሚቀመጥበት አሠራር ነው። ብዙ ድርጅቶች «ባክአፕ አለን» ሲሉ የሚያሳዩት ግን ሌላ ነገር ነው፦ ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም የተያዘው ሒሳብ አርብ አርብ ወደ ፍላሽ ይገለበጣል፤ ፍላሹም ኮምፒውተሩ በተቀመጠበት ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል። ሃርድ ዲስክ ሲበላሽ ይህ ይጠቅማል። ቢሮው ሲቃጠል ወይም ሲዘረፍ ግን ዋናውና ቅጂው አንድ ላይ ይጠፋሉ።

ሥራውን ቀድሞውኑ ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚከራይ የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ላይ፣ ያደረገ ድርጅትም ከዚህ አደጋ ነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 በፈረንሳይዋ ስትራስቡርግ ከተማ ኦቪኤች ክላውድ የተባለው አገልግሎት ሰጪ ኩባንያ የመረጃ ማዕከል ተቃጥሎ ኤስቢጂ2 የተባለው ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ፤ ከአጠገቡ ያለው ኤስቢጂ1ም በከፊል ተጎዳ። ለባክአፕ ለብቻው ይከፍሉ ከነበሩት ደንበኞች መካከል ቅጂያቸው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ይቀመጥ እንደነበር ያወቁት ከቃጠሎው በኋላ የሆነ ነበሩ፤ ከእነዚህ አንዱ ከስሶ፣ የሊል ንግድ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ካሳ እንዲከፈለው ወስኖለታል። ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት ቅጂው የሚያርፍበት ከተማና ሕንፃ በጽሑፍ ሊጠየቅ ይገባል። «ክላውድ ላይ ነው» የሚለው መልስ በቂ አይደለም።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። በድርጅቱ ሰርቨር (መረጃው በሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር) ላይ የሚጫን ፕሮግራም መጀመሪያ ሁሉንም ፋይል ይገለብጣል፤ ከዚያ በኋላ በየዕለቱ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ለይቶ፣ መጠኑን አሳንሶና ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ መስጥሮ ይልካል። ሸክሙ ያለው በመጀመሪያው ቅጂ ላይ ነው፦ 100 ጊጋ ባይት መረጃ፣ የመላኪያ ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት በሆነ መስመር ሳይቋረጥ ቢላክ 22 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ አንድ ቴራ ባይት ከሆነ ከ9 ቀን ያልፋል። በማስታወቂያ የሚነገረው ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ የማውረጃው በመሆኑ የመላኪያውን ለይቶ መለካት ያስፈልጋል። መረጃው ብዙ ሲሆን የመጀመሪያውን ቅጂ በሃርድ ዲስክ አድርሶ የዕለት ተዕለቱን ብቻ በመስመር መላክ የተለመደ መፍትሔ ነው። የምስጢር ቁልፉ በድርጅቱ እጅ ብቻ ከሆነ አገልግሎት ሰጪውም መረጃውን ማንበብ አይችልም፤ ያ ቁልፍ ከጠፋ ግን ቅጂው ለማንም አይከፈትም። ስለዚህ ቁልፉን የሚያውቀው ሰው ከአንድ በላይ መሆን አለበት።

የቦታ ርቀት ብቻውን በቂ አለመሆኑን ኮድ ስፔስስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 የደረሰበት ጉዳት ያሳያል። አንድ ሰርጎ ገብ የኩባንያውን የአማዞን ክላውድ መቆጣጠሪያ እጁ ካስገባ በኋላ ዋናውን መረጃም ቅጂዎቹንም አብዛኛውን አጠፋ፤ ኩባንያውም ሥራውን ዘጋ። መረጃን ቆልፈው ቤዛ የሚጠይቁ ቫይረሶችም አስቀድመው የሚፈልጉት ባክአፑን ነው። በመሆኑም ባክአፑ የራሱ የተለየ አካውንትና የይለፍ ቃል ሊኖረው፣ የቆዩ ቅጂዎችም የሰርቨሩ አስተዳዳሪ እንኳ ለተወሰነ ጊዜ ሊሰርዛቸው እንዳይችል ተደርገው ሊቀመጡ ይገባል። በዚህ ረገድ ጉግል ድራይቭንና ዋንድራይቭን የመሳሰሉትን እንደ ባክአፕ መቁጠር፣ በእኔ ግምት፣ ብዙዎችን የሚያዘናጋ ነው፤ የቀደሙ እትሞችን ለጊዜው ቢያቆዩም ዋና ሥራቸው ማመሳሰል በመሆኑ፣ ቢሮ ውስጥ የተሰረዘ ወይም በቫይረስ የተቆለፈ ፋይል እዚያም እንደዚያው ይሆናል።

በኢትዮጵያ የሚሠራ ድርጅት ሁለት ተጨማሪ ጉዳዮችን ያስባል። አንደኛው መስመሩ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ እንደታየው ኢንተርኔት ለሳምንታት ሊቋረጥ ስለሚችል፣ አንድ ቅጂ ቢሮ ውስጥ ሌላው ርቆ እንዲቀመጥ ማድረግ ይሻላል። ሁለተኛው ሕጉ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎች የግል መረጃ ከአገር ስለሚወጣበት ሁኔታ ስለሚደነግግ፣ የደንበኞችን ወይም የሕሙማንን መዝገብ የሚይዝ ድርጅት ውጭ አገር ያለ ማዕከል ከመምረጡ በፊት የሕግ ባለሙያ ማማከር ይኖርበታል። አዲስ አበባ በሚገኘው አይሲቲ ፓርክ የግል የመረጃ ማዕከላት መከፈታቸው እዚህ ላይ ሌላ አማራጭ ሰጥቷል።

ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው ቅጂው መልሶ መከፈቱን መፈተሽ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የፕሮግራም ጸሐፊዎችን ሥራ በኢንተርኔት የሚያስቀምጠው የጊትላብ ኩባንያ አንድ ሠራተኛ 300 ጊጋ ባይት ያህል የሥራ ዳታቤዝ በስሕተት ሰረዘ። ወደ ቅጂው ሲኬድ በየዕለቱ ይሠራል የተባለው ባክአፕ በፕሮግራም እትሞች አለመጣጣም ሳቢያ ሲከሽፍ ቆይቶ ኖሯል፤ መክሸፉን የሚያሳውቀው ኢሜይልም አልደረሰም። ኩባንያውን ያዳነው ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ ተብሎ የተወሰደ ቅጂ ነው። የፒችትሪ ቅጂም ቢሆን ከተሠራበት እትም በቆየ ፒችትሪ አይከፈትም። ፈተናው ረጅም ሥራ አይደለም፦ በየሦስት ወሩ የሒሳብ ሠራተኛዋ ያለፈውን ወር ቅጂ ከማዕከሉ አውርዳ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ትከፍታለች፤ ትራያል ባላንሱን (የሒሳቦቹን ቀሪ ዝርዝር) አትማም በወረቀት ማኅደሩ ውስጥ ካለው የተፈረመ ቅጂ ጋር ታስተያያለች።