ማርጋሬተ ማየር ሹርዝ እና ቤተሰቧ

ማርጋሬተ ማየር ሹርዝ እ.ኤ.አ. በ1833 ሀምቡርግ ተወልዳ ገና በ19 ዓመቷ አሜሪካ የገባች ጀርመናዊት ስደተኛ ነች። በ1856 በዊስኮንሲን ግዛት በዋተርታውን ከተማ የከፈተችው መዋዕለ ሕፃናት በአሜሪካ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። ነገሩ ግን ከጅምሩ የቤተሰብ ጉዳይ ነበር፤ ሙያውን ወደ ለንደንም ሆነ ወደ አሜሪካ ያሻገሩት እህትማማቾች ናቸው።

አባቷ በሀምቡርግ የታወቀ ባለፋብሪካ ነበር። እናቷ እሷን በወለደች በሰዓታት ውስጥ አረፈች። በ16 ዓመቷ የመዋዕለ ሕፃናትን ሐሳብ ያፈለቀው ጀርመናዊው መምህር ፍሪድሪሽ ፍሮበል ሀምቡርግ መጥቶ ሲያስተምር ከተማሪዎቹ አንዷ ሆነች። ፍሮበል ሕፃን የሚማረው በጨዋታ፣ በመዝሙርና በእጅ ሥራ ነው ባይ ነበር። ለትንንሾቹ መጀመሪያ በሱፍ ክር የተሠሩ ባለቀለም ኳሶች ይሰጣል፤ ቀጥሎ ከእንጨት የተሠሩ ድቡልቡል፣ ኩብና ሲሊንደር ይመጣሉ። ዛሬ ይህ ማንንም አያስደነግጥም። ከጀርመን ግዛቶች አንዷ የነበረችው የፕሩሺያ መንግሥት ግን በ1851 ሃይማኖት የለሽነትን ያስፋፋል ብሎ መዋዕለ ሕፃናትን አገደ፤ እገዳው የተነሣው በ1860 ነው።

ታላቅ እህቷ በርታ የመጀመሪያ ትዳሯን ትታ፣ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የተወገዘውን ቄስ ዮሐንስ ሮንገን አግብታ ለንደን ተሰደደች። እዚያም ባልና ሚስቱ መዋዕለ ሕፃናት ከፈቱ። ማርጋሬተ እህቷን ልታግዝ ሄዳ ካርል ሹርዝን የተዋወቀችው በዚሁ ጊዜ ነው። ካርል በ1849ኙ የጀርመን አመፅ ተዋግቶ የሸሸ ወጣት ነበር፤ በ1850 መምህሩን ጎትፍሪድ ኪንከልን ከሽፓንዳው እስር ቤት በገመድ አስወርዶ በማስመለጡ ስሙ ገንኗል። ሐምሌ 1852 ለንደን ላይ ተጋቡ፤ በዚያው ዓመትም ኒውዮርክ ገቡ።

ዋተርታውን ጀርመኖች የበዙባት ከተማ ስትሆን የካርል ወላጆችና እህቶችም እዚያው ሰፍረው ነበር። ማርጋሬተ በመጀመሪያ የሰበሰበችው የሦስት ዓመት ልጇን አጋተንና የዘመድ ልጆችን ነው፤ ቦታውም የራሷ ቤት፣ ቋንቋውም ጀርመንኛ። ሌሎች ወላጆች ልጆቻችንንም ተቀበይልን ሲሏት መሐል ከተማ ወዳለች አነስተኛ ቤት ተዛወረች። ጤናዋ ደካማ ስለነበር ራሷ የሠራችው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

በእኔ ግምት ትልቁ ሥራዋ ከዋተርታውን ውጭ የተፈጸመው ነው። በ1859 ቦስተን ውስጥ ኤልዛቤት ፒቦዲ የምትባል አስተማሪ አጋተን ከሌሎች ልጆች ጋር ስትጫወት ታያታለች። ልጅቷ ጨዋታውን ስትመራ፣ ሌሎቹም ሳይገደዱ ሲከተሏት ፒቦዲ ተገርማ ይቺ ልጅ ተአምር ነች አለች። እናትየው ተአምር እንዳልሆነና በመዋዕለ ሕፃናት ያደገች እንደሆነች አስረዳቻት፤ በኋላም የፍሮበልን ጽሑፍ ላከችላት። ፒቦዲ በ1860 በቦስተን በእንግሊዝኛ የሚያስተምር የመጀመሪያውን የአሜሪካ መዋዕለ ሕፃናት ከፈተች፤ ሐሳቡ በአገሩ ሁሉ የተስፋፋውም ከዚያ ወዲህ ነው።

የባሏ ዝና ግን የእሷን ሸፈነው። ካርል በሊንከን ተሹሞ በስፔን የአሜሪካ መልእክተኛ ሆነ፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጄኔራል፣ ከ1869 ጀምሮም የሚዙሪ ሴናተር ነበር። እሷ አምስት ልጆች ወልዳ አንዷን በሕፃንነቷ ቀበረች፤ ለሕክምናም ወደ አውሮፓ ተመላልሳለች። መጋቢት 1876 የመጨረሻ ልጇን ኸርበርትን በወለደች በቀናት ውስጥ ኒውዮርክ ላይ በ42 ዓመቷ አረፈች።

«የመጀመሪያው» የሚለው ማዕረግ ያከራክራል። በኦሃዮ፣ ኮሎምበስ፣ ካሮሊን ፍራንከንበርግ የምትባል ሌላ የፍሮበል ተማሪ በ1838 ቀድማ ጀምራ ነበር የሚሉ አሉ። የዋተርታውኗ ቤት በ1956 ከነበረችበት ተነሥታ ወደ ከተማው ኦክታጎን ሃውስ ሙዚየም ግቢ ተወስዳለች፤ ጎብኚዎችም ይገቡባታል።