የመቃብር ግዝት ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ የመቃብር ወሬ ከተነሳ ይቺ ታሪክ አትቀርም። አንድ ሰውዬ ከአሮጌ መቃብር ላይ ድንጋይ ያነሳና ለቤቱ መሠረት ያደርገዋል። ልጁ ይታመማል፣ ከብቱ ያልቃል፣ እሱም እንቅልፍ ያጣል። ድንጋዩን ወደ ቦታው ሲመልስ ሁሉም ይስተካከላል። ሰውዬው ስም የለውም። አገሩም እንደ ተራኪው ይለያያል። አንዱ ዘጌ ነው ይላል፣ ሌላው ጎርጎራ፣ የባጃጁ ሾፌር ደግሞ "እዚሁ ከኛ ሰፈር ጀርባ"። ድንጋዩ ላይ ግን ሁሌም "የነካኝ ይረገም" የሚል ጽሑፍ አለ።

እንዲህ ያለው ቃል ነው የመቃብር ግዝት የሚባለው። ሟቹ ወይም ቤተሰቡ ሌላ ሰው መቃብሩን እንዳይነካ የሚያስሩበት ማስጠንቀቂያ ነው። ከተራ እርግማን ይለያል። እርግማን የተበደለ ሰው በንዴት ከአፉ የሚያወጣው ነው። ግዝት ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፤ "ይህን ካደረግህ" ይላል። የሚገዝተውም ሥልጣን ያለው ነው፤ ካህን፣ ንጉሥ ወይም በእነሱ ስም የሚጽፍ ሰው። ካህኑ ያሰረውን ካህን ሊፈታው ይችላል። ወሬው ውስጥ ድንጋዩ ሲመለስ ሰውዬው የሚድነውም በዚሁ ሐሳብ ይመስለኛል።

አሁን ወደ እውነተኛው ጽሑፍ እንምጣ። በአራተኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና አክሱም ላይ ባስቀረጻቸው ጽሑፎች ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል አለ። ያቆመውን መንበር ያፈረሰና የነቀለ እሱም ዘመዱም ከምድር ይነቀል ይላል። ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ልብ በሉ፤ የነቀለ ይነቀል። አክሱም ስትሄዱ አስጎብኚዎች ከገበሬ ማሳ የተገኘ የኢዛና ድንጋይ ያሳዩአችኋል። በግዕዝ፣ በሳባና በግሪክ የተጻፈ ነው። በግዝቱ ፈርተው ከተገኘበት አላነሱትም ይሏችኋል። ወሬው ከድንጋዩ ላይ ካለው ጽሑፍ የበቀለ ነው ማለት ነው። እንዲህ ሥሩ የሚታይ አፈ ታሪክ ብዙ አይገኝም።

ጣና ላይ ግን ግዝቱን ከድንጋይ ይልቅ ብራና ላይ ፈልጉት። ገዳማቱ የመጻሕፍት መጋዘን ናቸው፤ ክብራን ገብርኤል በሥዕላዊ ወንጌሉ የታወቀ ነው። በአገራችን የብራና መጻሕፍት መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ በተደጋጋሚ የሚመጣ ቃል አለ፦ "ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን"። የሰረቀው፣ የፋቀውም፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን። አንዳንዱ ጸሐፊ "እንደ አርዮስ" ብሎ ይጨምርበታል፤ በመናፍቅነት እንደተወገዘው ማለት ነው።

የሰረቀውን ማውገዝ ይገባናል። የፋቀው ለምን ተጨመረ? ብራና ቆዳ ነው። ቀለሙ በቢላ ጫፍ ቀስ ተብሎ ቢፋቅ ይለቃል። መጽሐፍ በብዙ ገንዘብ አስጽፎ ለቤተ ክርስቲያን የሰጠ ሰው ስሙ በየጸሎቱ መካከል ይገባል፤ "ለገብርከ እገሌ"፣ ለአገልጋይህ ለእገሌ፣ እየተባለ። በኋላ መጽሐፉ እጁ የገባ ሌላ ሰው ያንን ስም ይፍቅና የራሱን ያስገባበታል። እንዲህ የሆኑ መጻሕፍት ጥቂት አይደሉም። ቦታው ሻክሮና ሳስቶ፣ አዲሱ ስም በተለየ እጅና በተለየ ቀለም ተጽፎ ይታያል። ግዝቱ እያለ ማለት ነው። እኔ ይሄን ሳስብ ሳቄ ይመጣል፤ የፋቂውም ድፍረት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ግዝት የመንፈስ ነገር ብቻ አልነበረም። የዘመኑ ቁልፍ ነበር። ፖሊስ በሌለበት፣ መዝገብ ቤት በሌለበት፣ ንብረትን የሚጠብቀው የሰው ፍርሃት ነው። የጉልት መሬት፣ ንጉሥ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለሹም የሚሰጠው፣ ሲሰጥ በወንጌል ጠርዝ ላይ ይጻፍና በግዝት ይታሰር የነበረውም ለዚሁ ነው። ዘጌ ላይ ደግሞ ግዝቱ ሳይጻፍም ሠርቷል። በአባቶች ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም በሬ እንዳይጠመድ፣ መሬቱ እንዳይታረስ ከልክለዋል። ጫካውና ቡናው እስከ ዛሬ ቆሟል። ከጀልባ ወርዳችሁ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትወጡ ጥላ ያለበሳችሁ ያ ነው።

ታዲያ መቃብሩስ? እዚህ ላይ ወሬው ይላላል። በአገራችን ብዙው ሰው በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲቀበር የኖረው ያለ ጽሑፍ ነው። ድንጋይ ይከመርበታል፣ ዛፍ ይተከል ይሆናል፣ ስሙን የሚያውቁት ሲያልፉ መቃብሩም ይረሳል። የነገሥታቱ ነገር ሌላ ነው። ዳጋ እስጢፋኖስ ላይ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አስከሬን ሳይቀር በመስታወት ሳጥን ተቀምጧል። እነሱን የጠበቃቸው ውኃው፣ መነኮሳቱና ሴት የማይገባበት የደሴቱ ሥርዓት ነው። ስምና ዓመተ ምሕረት የተጻፈበት የሲሚንቶ ወይም የእብነ በረድ ሐውልት፣ ፎቶ ያለበት፣ በሙት ዓመት የሚመረቀው፣ ለተራው ሰው የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ከጽሑፉ ብዙው የሚወሰደው ከመዝሙረ ዳዊት ነው። "ዝክረ ጻድቅ ለዓለም ይሄሉ" (የጻድቅ መታሰቢያ ለዘላለም ይኖራል)፣ ወይም በአማርኛው "ሰውስ ዘመኑ እንደ ሣር ነው"። ለፍትሐት ከሚመጡት ካህናት አፍ የማይጠፋ ጥቅስ ነውና ቤተሰቡም እሱን ያስቀርጻል።

የውጭዎቹንም ታሪክ ብናየው ያው ነው። በ1616 እ.ኤ.አ. በሞተው በእንግሊዛዊው ጸሐፊ በሼክስፒር መቃብር ላይ አጥንቴን የሚያንቀሳቅስ የተረገመ ይሁን የሚል ግጥም አለ። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። በዚያ ዘመን ቦታ ሲጠብ የቆየ አጥንት ተቆፍሮ ወደ ማከማቻ ይወሰድ ነበር። እኛም ጋ በከተማ ቤተ ክርስቲያን ቦታ ሲጠብ አጽም ይነሳል፤ ዘመድ መጥቶ እንዲያነሳ ማስታወቂያ ሲለጠፍ አይተን ይሆናል። የጥንቱ የግብፅ ንጉሥ የቱታንክሃሙን "እርግማን" ግን የጋዜጣ ሥራ ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. በተገኘው መቃብር ውስጥ ገቢውን ሁሉ በሞት የሚያስፈራራ ጽሑፍ አልተገኘም። የቁፋሮውን ወጪ የሸፈነው ሎርድ ካርናርቮን ትንኝ የነከሰችውን ቦታ ሲላጭ ቆርጦት፣ ቁስሉ መርዞበት በሚቀጥለው ዓመት ሞተ። ቁፋሮውን የመራው ካርተር እስከ 1939 ኖሯል። ርግማኑ ዋናውን ሰውዬ ዘለለው እንበል?

ጣና ዳር "የተረገመ ድንጋይ" አለ የሚላችሁ ሰው ካለ ጽሑፉን በስልክ ፎቶ አንስቶ እንዲያመጣ ጠይቁት። ድንጋዩን ማንሳት አያስፈልግም፤ የሟች ቤተሰብ አለ፣ ነውርም ነው። ግዕዝ ከሆነ በአቅራቢያችሁ ካለ ቤተ ክርስቲያን አንድ መሪጌታ በደቂቃ ያነብላችኋል። ፊደሉ በዝናብ ከተበላ ቀትር ላይ ሳይሆን ጠዋት ወይም ማታ፣ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ፎቶ ይነሳ፤ ያኔ ቅርጹ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ የምታገኙት ስም፣ ዓመተ ምሕረትና ከዳዊት አንድ መስመር ነው።