ሐኪሙ ቀና ብሎ ካላየን፣ ኤአይ ይበቃናል?

ሐኪሙ ቀና ብሎ ሳያያችሁ መድኃኒት ጽፎ «ቀጣይ!» ሲል ያማል። ብዙ ሰው ማታ ስልኩን አንስቶ ቻትጂፒቲን፣ ማለትም ጥያቄ ሲጻፍለት የሚመልስ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት)፣ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። በዚህ ጉዳይ ደጋግሜ የምሰማቸው የተሳሳቱ አባባሎች ግን አሉ።

«ኤአይ የሚጠይቅ ሰው ሕክምና ይንቃል»

ኧረ በጭራሽ! የማውቃቸው ሰዎች ካርድ አውጥተው፣ ተሰልፈው፣ ለላብራቶሪ ከፍለው የወጡ ናቸው። ምን እንደያዛቸው ግን የነገራቸው የለም።

«የድሮ ሐኪም ያዳምጥ ነበር»

በ1984 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣው የቤክማንና የፍራንክል ጥናት፣ ሐኪሞች የታካሚውን ንግግር በአማካይ በ18 ሰከንድ እንደሚያቋርጡ አሳይቷል። ችግሩ የቆየ ነው።

«እንዲህ አብራርቶ ከነገረኝ ያውቃል ማለት ነው»

እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ኤአይ አይሰለችም፣ አይቆጣም። ሲሳሳትም በዚያው ለስላሳ አንደበት ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ የ60 ዓመት ሰው ቻትጂፒቲን ካማከረ በኋላ፣ በገበታ ጨው ፋንታ ሶዲየም ብሮማይድ የተባለ ኬሚካል ለ3 ወር ተመገበ። ኬሚካሉ መርዞት «ጎረቤቴ መረዘኝ» እያለ ሆስፒታል ገባ፤ የሌለ ነገር ማየትና መስማትም ጀመረ። ሐኪሞቹ ታሪኩን በ2025 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት አውጥተውታል።

ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። ትኩሳት ይዟችሁ ሄዳችሁ «ታይፎይድ ነው» ተባላችሁ እንበል። ወረቀቱ ላይ «ዊዳል ኦ 1:80» ይላል። ዊዳል የታይፎይድ የደም ምርመራ ነው፤ የሚያየው ሰውነታችን በሽታን ለመከላከል የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ድሮ የያዛችሁ ታይፎይድ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ጭምር ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። ባክቴሪያውን ራሱን የሚፈልገው የደም ካልቸር የሚባለው ምርመራ ነው። ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ ብትልኩለት፣ ኤአይ ይህን ሊያስረዳችሁ ይችላል፤ እሰየው። ወባ ይሁን ሌላ ነገር ግን ደም ሳይታይ ከስልክ አይለይም። በነገራችን ላይ ከመላካችሁ በፊት ስማችሁንና የካርድ ቁጥራችሁን ሸፍኑ። ኤአይ እንደ ሐኪም ምስጢር የመጠበቅ የሙያ ግዴታ የለበትም።

«ሐኪም መጠየቅ ድፍረት ነው»

መብታችሁ ነው። ኤአይ የሚጠቅመውም እዚህ ጋ ነው፤ ጥያቄያችሁን ከቤት አዘጋጅቶ ለመሄድ። «ዶክተር፣ በሽታዬ ምን ይባላል? ካልቸር ወይም የወባ ምርመራ ያስፈልገኛል? መድኃኒቱን ስንት ቀን ልውሰድ? ካልተሻለኝ መቼ ልመለስ?» ጽፋችሁ ያዙና ከወንበሩ ሳትነሱ ጠይቁ። ደረት ሲያፍን፣ ግማሽ አካል ሲዝል ወይም ሕፃን ጡት አልይዝ ሲል ግን ስልኩን ተዉትና ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ።